ለተኮላሸ ፈረስ ብልት ንጽሕና አዳማ ላይ የሚገኙ ዕቃዎች፦ ምኑ ይገዛ፣ ምኑ ይቅር

አዳማ ውስጥ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ያለው ሰው አንድ ቀን ፋርማሲ ወይም የእንስሳት መድኃኒት መደብር ገብቶ «ለብልቱ የሚሆን ነገር ስጡኝ» ማለቱ አይቀርም። ፈረሱ ሲሸና ጭራውን ያወናጭፋል፣ የሽንቱ ጅረት ቀጥኗል፣ ወይም ከብልቱ ከረጢት ክፉ ሽታ ይወጣል። ሻጩም እጁ ያለውን ያቀርባል፦ አዮዲን፣ ሽታው የሚከረፋ የቁስል ማጠቢያ፣ አንዳንዴ የከብት መርፌ። እዚህ የምንገመግመው በከተማው ፋርማሲ፣ ሱቅና የእንስሳት መድኃኒት መደብር በቀላሉ የሚገኘውን ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ከሁሉ የሚበልጠው ዕቃ አይሸጥም፤ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ከሚገዛው ውስጥ ግሊሰሪን፣ የእጅ ጓንትና ቫዝሊን ገንዘባቸውን ያወጣሉ። የሽንት መመርመሪያ ወረቀት አነባበቡን ለሚያውቅ ሰው ይጠቅማል። አዮዲን ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ የልብስ ሳሙና ደግሞ በምንም ምክንያት ወደ ከረጢቱ መግባት የለባቸውም።

ባዶው ጠርሙስ

የዕቃውን ጥቅም ለማየት መጀመሪያ ጤነኛ ሽንት ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። ጤነኛ የተኮላሸ ፈረስ ሊሸና ሲል የኋላ እግሮቹን ከፍቶ ይዘረጋል፣ ወገቡን ዝቅ፣ ጭራውን ከፍ ያደርጋል፣ ብልቱን ከከረጢቱ ያወጣና አንድ ወፍራም፣ ያልተቆራረጠ ጅረት ይለቃል። ሲሸና ማቃሰቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ብልቱን ሳያወጣ እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ከሸና፣ ጅረቱ ለሁለት ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ወንፊት ከተረጨ፣ ተዘርግቶ ቆሞ ጠብ ጠብ ብቻ ካለ፣ የኋላ እግሮቹ ውስጠኛ ክፍል ሁልጊዜ እርጥብና ፀጉሩ የተበላ ከሆነ ግን አንድ ነገር አለ።

አዳማ ላይ ባለ ጋሪን የሚያሳስት ነገር አለ። ፈረስ ሽንቱ ተረጭቶ እግሩን እንዲነካው አይወድም፤ ስለዚህ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ሲውል ይይዘዋል፣ ማታ ጋጣው ገብቶ ጭድ ሲረግጥ ይለቀዋል። «ቀኑን ሙሉ አልሸናም» ተብሎ ከመደንገጥ በፊት ከጋሪው ፈትታችሁ ጭድ ወይም ለስላሳ አፈር ላይ አቁሙት። ጭድ ላይ ቆሞ፣ ተዘርግቶ፣ አምጦ ምንም ካልወጣው ግን ያ ድንገተኛ ነው፤ ሐኪም እስኪነጋ አይጠበቅም።

አሁን ጠርሙሱ። የ2 ሊትር ሃይላንድ ላዩን ቆርጣችሁ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍናችሁ አንድ ሜትር ገደማ ዱላ ጫፍ ላይ እሰሩት። ዱላው እጃችሁን ከኋላ እግሩ ያርቃል። ከቻላችሁ የመጀመሪያውን፣ የመሃሉንና የመጨረሻውን ሽንት ለየብቻ ያዙና ወደ ሦስት ንጹሕ የግማሽ ሊትር ጠርሙሶች ገልብጡ፤ ከዚያ በብርሃን ተመልከቱ።

ትኩስ የፈረስ ሽንት ድፍርስ ቢጫ ነው። ድፍርስነቱ የካልሲየም ካርቦኔት ደቃቅ ቅንጣትና ንፋጭ ነው፤ «ድፍርስ ስለሆነ ኢንፌክሽን ነው» ብሎ አንቲባዮቲክ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መሬት ላይ የቆየ ሽንትም አየር ሲያገኘው ወደ ቀይ ቡናማ ሊለወጥ ስለሚችል ወለል አይቶ መፍረድ አይቻልም። ጠርሙሱን 30 ደቂቃ ሳትነኩት አቁሙት። ከታች ነጭ ዱቄት ከተቀመጠ ጤነኛ ነው። ከታች ቀይ ሽፋን፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ከሆነ ደም አለ። ምንም ሳይጠል ከላይ እስከ ታች ቡና የመሰለ ከሆነ ደግሞ ከተጎዳ ጡንቻ ወይም ከፈረሰ ቀይ የደም ሕዋስ የወጣ ቀለም ነው። ጠርሙሱ ሁለቱን የሚለየው በዚህ ነው፤ በገንዘብ የሚገዛው ወረቀት ይህን አይለይም።

ደሙ በመጀመሪያው ጠርሙስ ብቻ ከታየ ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ብልቱ ጫፍ ቅርብ ነው። በመጨረሻው ብቻ ከታየ ፊኛውን ወይም ከፊኛው አጠገብ ያለውን የሽንት ቧንቧ ጠርጥሩ፤ በተለይ ኮብልስቶን ላይ ሶምሶማ ከሮጠ በኋላ የሚመጣ ደም የፊኛ ጠጠር የታወቀ ምልክት ነው። ወንድ ፈረስ የሽንት ቧንቧው ረጅምና ጠባብ ስለሆነ ጠጠሩ ከሴቷ ይልቅ በእሱ ላይ ይጠናል። በሦስቱም ጠርሙስ ከታየ ነገሩ ከኩላሊት ወይም ከፊኛ ነው። ከሥራ በኋላ ቡና የመሰለ ሽንት የሸና፣ ዳሌው እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ የሚያልበውና መራመድ ያቃተው ፈረስ ከቆመበት አንድ እርምጃ እንኳ እንዳይነዳ። ጋሪውን ፍቱ፣ ጥላ ሥሩለት፣ ውሃ አቅርቡለት፣ ሐኪሙ ወደ እሱ ይምጣ። እየተራመደ በሄደ ቁጥር ጡንቻው ይበልጥ ይፈርሳል፣ የሚወጣውም ቀለም ኩላሊቱን ይጎዳል።

የሽንት መመርመሪያ ወረቀት

ለሰው ተብሎ ፋርማሲ የሚሸጠው ባለ ብዙ ቀለም ወረቀት ነው። ለፈረስ መጠቀም ይቻላል፣ ግን ጣሳው ላይ የተጻፈው አነባበብ ለሰው ነው። የፈረስ ሽንት በተፈጥሮው አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) አብዛኛውን ጊዜ ከ7.5 እስከ 9 ነው። በዚህ ምክንያት የፕሮቲኑ ምልክት ፕሮቲን ሳይኖር ሊቀየር ይችላል፤ ብዙ ሰው «ኩላሊቱ ሄዷል» ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። የደሙ ምልክትም ደምን፣ ከፈረሰ ቀይ የደም ሕዋስ የወጣውንና ከጡንቻ የወጣውን ቀለም ሁሉንም በአንድ ላይ «አለ» ይላል። ስለዚህ ወረቀቱ ያለ ጠርሙሱ ግማሽ መልስ ነው። የደሙ ምልክት ምንም ካልተቀየረ ግን ትልቅ ዕረፍት ይሰጣል፤ ቡናማው ነገር ምናልባት አየር ቀለሙን የቀየረው ተራ ሽንት ነው።

ስትገዙ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ተመልከቱ፤ ክዳኑ ተከፍቶ ከቆየ ጣሳ በነጠላ የሚቸረቸረውን አትውሰዱ። እርጥበት ያበላሸዋል። የኛ ፍርድ፦ ብዙ ፈረስ ያላቸው ባለ ጋሪዎች ተዋጥተው አንድ ጣሳ ቢገዙ ይበጃል፤ ለአንድ ፈረስ አያስፈልግም።

ግሊሰሪን

የሚገዛው ይህ ነው። ፋርማሲም የቅባት ሱቅም ለፀጉርና ለቆዳ ይሸጠዋል። ሽታ የሌለውን፣ ሽቶ ያልተቀላቀለበትን ምረጡ። ከዘይት የሚበልጥበት ምክንያት በውሃ ሙልጭ ብሎ መታጠቡ ነው። የሕፃን ዘይትና ፈሳሽ ፓራፊን ከረጢቱ ውስጥ የተጠራቀመውን እድፍ በማለስለስ አይተናነሱም፣ እንዲያውም ደርቆ የተጋገረውን በደንብ ያላቅቃሉ፤ ነገር ግን ሳይጠረጉ ከቀሩ የአዳማን አቧራ ሰብስበው ከረጢቱ ውስጥ ጭቃ ይሠራሉ። ነፋሱ በሚበረታበት በበጋው ወራት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኑግ ዘይትና ቅቤ የሚቀቡ አሉ፤ ሁለቱም ይሻግታሉ፣ ዝንብም ይጠራሉ።

ግሊሰሪን ድፍኑን ሲሆን ውሃ ስለሚስብ የተላጠ ቆዳ ላይ ያቃጥላል። እኩል በእኩል ለብ ባለ ውሃ በጥብጡት፤ ለአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር ድብልቅ ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ባልዲ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጁ፣ በእያንዳንዱ 4 ሊትር ገደማ፤ አንዱ መታጠቢያ፣ አንዱ ማለቅለቂያ። ውሃው የእጅ አንጓን የማያቃጥል ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብልቱን ወደ ውስጥ ያስሸሸዋል። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበት ይውለቅ፣ ጓንት ይደረግ። አንድ ሰው ራሱን ይያዝ፣ በሚያጥበው ሰው ወገን ይቁም። የሚያጥበው ሰው ከጎኑ ተጠግቶ፣ ፊቱን ወደ ጭራው አድርጎ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አሳርፎ ይቆማል። ወገቡ ላይ ያለው እጅ ፈረሱ ሊራገጥ ሲል ቀድሞ ይሰማዋል፤ ፈረስ የኋላ እግሩን ወደ ፊትም መወርወር ይችላልና ጭንቅላታችሁን ከሆዱ በታች አታስገቡ።

ድብልቁን በእጃችሁ ወደ ከረጢቱ አስገቡና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በረጠበ ጥጥ ወይም በለስላሳ ጨርቅ የላላውን ብቻ አውጡ። ከረጢቱ ውስጥ ለውስጥ የታጠፈ ነው፤ ሁለተኛው እጥፋት ላይ ደርሶ የሚቀር እድፍ አለ፣ ጣትን በቀስታ አዙሩ። ግራጫ ወይም ጥቁር፣ ቅርፊት የመሰለ እድፍ ጤነኛ ፈረስም አለው፤ ሙልጭ አድርጎ ማውጣት ዓላማው አይደለም። በጥፍር አይላጥ፣ በብሩሽ አይፈተግ። ደም ከወጣ አበዛችሁት።

ዋናው ነገር ጫፉ ላይ ነው። ብልቱ ሲወጣ ከራሱ ኋላ በለስላሳ እጅ ያዙት፤ አትጎትቱ። መሃል ላይ የሽንት ቧንቧው ጫፍ እንደ አጭር ቱቦ ወጣ ብሎ ይታያል፣ ዙሪያው ጎድጓዳ ነው፣ ከቱቦው በላይ በኩል ደግሞ ጠለቅ ያለ ኪስ አለ። እድፍ እዚያ ኪስ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠጥራል፤ መጠኑም ቅርጹም ባቄላ ይመስላል። ይህ ጠጠር ሲያድግ ቱቦውን ከላይ ይጫነዋል፣ ጅረቱ የሚሰነጠቀውና የሚቀጥነውም ለዚህ ነው። በትንሿ ጣት ግሊሰሪን አስገብታችሁ፣ ትንሽ ጠብቃችሁ፣ ጠርዙን ፈልጋችሁ ወደ ውጭ አንከባሉት። አንዳንዱ እንደ ሸክላ ይፈረፈራል፣ አንዳንዱ እንደ ሰም ሆኖ አንድ ላይ ይወጣል። ሁለት የሚሆንበት ጊዜ ስላለ አንዱ ወጣ ብላችሁ አታቁሙ፤ ኪሱ ባዶ መሆኑን በጣት አረጋግጡ።

በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ብቻ ነው። ጎማ በኃይል ከፍቶ ወደ ውስጥ መርጨት ክልክል። በማግሥቱ ከረጢቱ ትንሽ ቢያብጥ አያስደንቅም፤ በ2 ቀን ካልጎደለ ወይም ከሞቀና ካመመው ሐኪም ይየው።

በየስንት ጊዜው? ኪሱን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ መፈተሽ ለአብዛኛው ፈረስ ይበቃል። ሙሉ እጥበት ምልክት ሲታይ ብቻ። በየሳምንቱ የሚታጠብ ከረጢት ጤነኛ ባክቴሪያዎቹን አጥቶ ለክፉዎቹ ቦታ ይለቃል።

ሳሙና፣ በረኪናና አዮዲን

የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ በረኪና፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ሽታው የሚከረፋው የቁስል ማጠቢያ፦ ሁሉም ይቅሩ። ይህ ቆዳ እንደ ከንፈር ስስ ነው። ሳሙና የግድ ካስፈለገ ሽቶ የሌለው የሕፃን ሳሙና፣ በጣም ጥቂት፣ ተለቅልቆ ያለቀ።

አዮዲን የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፣ ስለ ንጽሕና ከመጨነቅም ነው። ግን ፀረ ተሕዋስያኑ ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ላይ ይገድላል፤ ደጋግሞ የታጠበበት ከረጢት ላይ ቀድሞ የሚበቅለው ደግሞ ለመድኃኒት የማይመለስ ባክቴሪያ ነው። ሐኪም ለቁስል ካዘዘው፣ 10 በመቶ የሆነው የፖቪዶን አዮዲን 10 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ቀጭን ሻይ ሲመስል ነው የሚሆነው።

ጓንት፣ ጥጥና ስፖንጅ

ጓንቱ ለአንድ ፈረስ አንድ ጥንድ ነው። ጥጥ ርካሽ ነው፤ ክሩ ከረጢቱ ውስጥ እንዳይቀር ብቻ ተጠንቀቁ። ስፖንጅ ግን አትግዙ። በጋሪ ማቆሚያ አንድ ስፖንጅ ለአምስት ፈረስ ሲያገለግል ማየት የተለመደ ነው፤ የጋሪ ፈረሶቻችንን የሚያሠቃየው፣ ቆዳ ላይ እንደ ዶቃ ተሰልፎ እየፈነዳ መግል የሚያወጣው ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይተስ በዚህ መንገድም ይዛመታል። ከፈረሱ አካል ላይ እንዲህ ያለ ቁስል ካለ ማንም በባዶ እጁ አይንካው።

የከብት አይቨርሜክቲን መርፌ

ይህ የትል መድኃኒት የሚሸጠው በተሳሳተ ግምት ነው፣ ግምቱ ግን መሠረት አለው። በዝንብ ወቅት ብልቱ ጫፍ ላይ የማይድን፣ ቀይ ሥጋ የበቀለበት፣ ውስጡ እንደ ሩዝ ፍርፋሪ ቢጫ ቅንጣት ያለበት ቁስል ሲወጣ፣ ምክንያቱ ዝንብ ያመጣችው ሐብሮኔማ የተባለ ትል እጭ ሊሆን ይችላል፤ አይቨርሜክቲንም ይገድለዋል። ለፈረስ ግን በአፍ የሚሰጠው ነው፣ መጠኑም በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም፤ 200 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 40 ሚሊ ግራም። የከብቱ መርፌ ፈረስ ጡንቻ ላይ ሲወጋ ክፉ እብጠትና ለሞት የሚያደርስ ችግር ሊያስከትል ይችላል። ደግሞም ተመሳሳይ ቁስል ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ብልቱ ነጣ ያለ፣ ዕድሜው የገፋ ፈረስ ላይ የሚሸት፣ እንደ አበባ ጎመን የተተፈተፈ ወይም በነካችሁት ቁጥር የሚደማ ከሆነ። ቀድሞ ከታየ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ሦስት ወር ቅባት ሲቀባ ከቆየ ላይወገድ ይችላል።

ቫዝሊን

ለእጥበት አይመከርም፣ አቧራ ይይዛል። ግን አንድ ቆርቆሮ ጋጣ ውስጥ ይኑር፤ ብልቱ ወጥቶ አልመለስ ካለ የሚያድነው እሱ ነው። ብልቱ ከ2 ሰዓት በላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ ፈሳሽ ወርዶበት ያብጣል፣ ባበጠ ቁጥርም መመለሻው ይጠብባል። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ቫዝሊን ቀቡት፣ በንጹሕ ነጠላ ከሥር ደግፋችሁ ነጠላውን ወገቡ ላይ እሰሩና በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ።

ሐኪሙን መቅጠር

ራሳችሁ ለማጠብ ፈረሱ ካልፈቀደ፣ የሐኪም ክፍያ ከማንኛውም ዕቃ ይልቅ ዋጋ አለው። ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ የፈረሱን ክብደት ይገምታል፣ ልቡን ያዳምጣል፣ ከዚያ ማረጋጊያ ይወጋል፤ ብልቱ ሲወርድ በመብራት ያያል፣ ኪሱን ይፈትሻል፣ ያየውን ይነግራችኋል። አሴፕሮማዚን ሊሰጥ ከሆነ ጠይቁት፤ አልፎ አልፎ ብልቱን ወጥቶ እንዲቀር ያደርጋል። የትኛውም ማረጋጊያ ቢሰጥ ብልቱ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሐኪሙ መሄድ የለበትም። ያን ቀን ጋሪ የለም። ሳይነካና ሳያይ አንቲባዮቲክ ብቻ ወግቶ የሚሄድ ከሆነ ግን ገንዘባችሁ ባክኗል።

ለሐኪሙ የምትነግሩት ነገርም አለ። ፈረሱ ከአርሲ በኩል ዘግይቶ ተኮላሽቶ የመጣ ከሆነና ከረጢቱ እያበጠ እየጎደለ የሚመላለስ ከሆነ፣ ይህን ሳይጠየቅ ንገሩት። በአርሲና ባሌ ደጋ ዱሪን የሚባለው በጥቂ የሚተላለፍ በሽታ የታወቀ ነው፤ ፈረሱ ሳይኮላሽ በፊት ይዞት ሊሆን ይችላል፣ እጥበት ደግሞ አይፈታውም። ለሕመም ፌኒልቡታዞን እየሰጣችሁት ከነበረም ተናገሩ፤ ውሃ ያነሰው ፈረስ ላይ ይህ መድኃኒት ኩላሊት ይጎዳል። 200 ኪሎ የሚሆን ፈረስ አርፎ ሲውል እንኳ 10 ሊትር ያህል ይጠጣል፣ በአዳማ ሙቀት ጋሪ ሲጎትት ከ20 በላይ ይፈልጋል፤ በቀን የሚሸናው ደግሞ ከ3 እስከ 6 ሊትር ነው። ከዚህ በጣም ካነሰ ወይም ከበዛ ለሐኪሙ ቁጥሩን ስጡት።

የፊኛ ጠጠር ወይም ካንሰር ከተጠረጠረ አዳማ ላይ ቀን አታባክኑ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፣ በመኪና ሩቅ አይደለም። ፈረሱን በእግሩ አትንዱት፤ አይሱዙ ላይ ጭድ አንጥፋችሁ ጫኑት፣ ሦስቱን ጠርሙሶች ክዳናቸውን ዘግታችሁ፣ የተቀዳበትን ሰዓት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።